የማን ሁለት ሰዓት

የጆንያውን አፍ ፈትቼ እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁ። ጣቴ ታቹን ነካ። ጨው ከሞላሁበት ገና መች ቆየና።

«አባይነህ፣ ወስደሃል?» አልኩት።

ባሌ የጓሮው ዕቃ ቤት በር ላይ በርጩማ ስቦ ተቀምጧል። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ስላለው የሸራ ጫማውን ተረከዝ ረግጦ ነው የሚሄደው። ሐኪሙ ጨው በአፍህ አይዙር ካለው ክረምቱ አልፎ በጋ ገባ። እኔም ወጡንም አጥሚቱንም አልጫ አድርጌ አቀርብለታለሁ፤ እብጠቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሙ እሱን ትቶ እኔን ነበር የሚያየኝ።

«ምኑን?» አለኝ።

«ጨውን ነዋ። እዚህ ካንተ ሌላ ማን ይገባል?»

«የበላው ማሽኑ ነው። እሱን ጠይቂው።»

ማሽኑ የሚለው የውሃ ማለስለሻውን ነው። በሹፌርነት ያገለገላቸው ፈረንጆች በለውጡ ማግስት ከአገር ሲወጡ ትተውለት የሄዱት ነው። የሰፈራችን ውሃ ከእንጦጦ ግርጌ ከተቆፈረ ጉድጓድ ይመጣል፤ ኖራ የበዛበት ነው። ማንቆርቆሪያውን ቅርፊት ያስይዘዋል፤ ሳሙና ቢፈትጉበት አረፋ የለውም። ማሽኑ ኖራውን ይይዝልንና ቀን አልፎ ቀን ራሱን በጨው ውሃ ያጥባል። ሳሙና ከጨው ብሶ በጠፋበት ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። አሁን ግን የኅብረት ሱቁ ሰልፍ ላይ «ሁለት ሰው ይህን ሁሉ ጨው ምን ያደርጉታል?» ማለት ተጀምሯል። ይቺ ጥያቄ ቀበሌ ከገባች ስሟ አሻጥር ይሆናል። መጠኑን ልቀንስ የመጣሁት ለዚህ ነው።

ክዳኑን አነሳሁት።

«ቀዩ ማዞሪያ የጨው መጠን ነው» አለ ከተቀመጠበት። «ለስድስት ሰው እንደተሞላ ነው ያለው።»

«እኛ ስድስት ነን?»

«አንቺ ስትቆጪ ስድስት ትሆኛለሽ።»

አልሳቅኩለትም። ሰው ሲደክመው ሳቅም ሥራ ነው። ጨውን ዝቅ አደረግሁት፤ ቀን አልፎ ቀን የሚታጠበውን በሳምንት አንዴ አደረግሁት። ከሥሩ ክብ ሰዓት አለ። ሁለት ቁጥር አጠገብ ትንሽ ጨረቃ ተስላለች።

«ይቺ ጨረቃ ምንድን ናት?»

«ራሱን የሚያጥብባት ሰዓት ናት። ሁለት ሰዓት።»

«የማን ሁለት?»

ወደ ማሽኑ ጎንበስ አልኩ። ሰዓቱ ዘጠኝ ላይ ነው። ዞሬ የአባይነህን የእጅ ሰዓት አየሁ፤ እሱም ዘጠኝ ይላል።

«መብራት ጠፍቶ የመጣ ጊዜ ይህን ማን ሞላው?»

«እኔ ነኛ። በእጅ ሰዓቴ።»

የእጅ ሰዓቱ የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ እንደ ፈረንጅ። የፈረንጅ ሁለት ሰዓት ሌሊት ነው፤ ሰው ሁሉ ተኝቶ ውሃው በኃይል ሲወርድ። ማሽኑ ሌሊት የሚመስለው የእኛ ሁለት ግን ጠዋት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ቧንቧ ከፍቶ ውሃው እንደ ክር ሲቀጥን። ያን ጊዜ ማሽኑ የገባበትን ጨው አለቅልቆ የሚያወጣበት ጉልበት የለውም። ጨው ያዘለው ውሃ ወደ ቤት ይመጣል፤ እኔም እቀዳዋለሁ። በዚያ ሰዓት የምሠራውን አውቀዋለሁ። የእሱን አጥሚት እጥዳለሁ። ጠዋት እህል ስለማልወድ አልቀምሰውም፤ ሰጥቼው ወደ ዳቦ ሰልፍ እሮጣለሁ።

ባዶው ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አንተ ሰው፣ ጨው ያበላሁህ እኔ ነኝ» አልኩት። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁት። ስለጠረጠርኩህ ይቅር በለኝ ልለው ፈልጌ ነበር፤ አላልኩትም።

አልተቆጣም።

«አውቀው ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«አጥሚቱ አንዳንድ ጠዋት ጨው ጨው ይል ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«አንቺ መስለሽኝ ነዋ፣ ደብሬ። አንጀትሽ አልችል ብሎ ሐኪሙ ሳያውቅ ቆንጠር አድርገሽ ጣል የምታደርጊልኝ መስሎኝ። ከተናገርኩ ታፍሪና ትተዪዋለሽ ብዬ ዝም አልኩ። ቀን ስትቆጪኝ እንኳ ጠዋቷን አስብና አልቀየምሽም ነበር።»

አንድም ጠዋት እንዲህ ያለ ሐሳብ በልቤ አልፎ አያውቅም። አጥሚቱን አስቀምጥለትና ሰልፉ እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን አነሳለሁ፤ ፊቱን እንኳ አላየውም ነበር።

«አዙሪው» አለኝ። «እንደ ፈረንጅ አሁን ሦስት ሰዓት ነው።»

ማዞሪያው ቀላል ነው፤ በሁለት ጣት ይዞራል። ይዤው ቆየሁ።

«ሆነ?» አለ።

«ሆነ» አልኩት፤ ከዚያ በኋላ አዞርኩት። ነገ አጥሚቱን ይቀምሰዋል፤ አልጫ ይሆንበታል፤ ምንም ሳይናገር እስከ መጨረሻው ይጠጣዋል።