ሰው የሚመጣው ለወደቀ ነው

በዚያ ዘመን በሆስፒታሉ የተኙትን አረጋውያን የሚያጥቡት፣ የሚያገላብጡትና የሚያበሉት ማሽኖች ነበሩ። ነርስ የምትጠራው በሽተኛ ከአልጋ ሲወድቅ ብቻ ነው። ጡረተኛው አናጢ አቶ ደምመላሽ በማሽኖቹ የሚያማርሩበት ነገር አልነበራቸውም። ሾርባው እንኳ በልኩ በርዶ ስለሚመጣ፣ እፍ የሚልላቸው ሰው አያሻቸውም። ሰው ካነጋገራቸው ግን ወራት አልፈዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአልጋውን ጠርዝ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ወለሉ ተንሸራተቱ። ሲስተር ትብለጥ እየሮጠች መጣች። ወገባቸውንና ጉልበታቸውን ዳበሰች፤ ጭረት እንኳ አላገኘችም።

«አባባ፣ ሆን ብለው ነው እንዴ?»

አቶ ደምመላሽ አፈሩ። «እጅሽ ይቀዘቅዛል» አሏት።

«ሁለተኛ ከወደቁ እኮ ከአልጋው ጋር ያስሩዎታል።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ልታነሳቸው ብብታቸውን ያዘች፤ ክንዷን ጠበቅ አድርገው ሲይዙ ማንሳቱን ተወችው። ግድግዳውን ተደግፋ ከጎናቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ከበሩ በላይ የተሰቀለው ማሽን ጠየቀ፤ «በሽተኛው ተነሥተዋል?»

«ገና ናቸው» አለች። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞር ብላ፣ «እስቲ ይጫወቱ፣ አባባ» አለቻቸው።