ያልተነበቡት ገጾች

የታተመ ጽሑፍ አንድ ሰው አንዴ ካነበበው ከወረቀቱ ላይ የሚጠፋበት ዘመን ነው። እኔና ባለቤቴ ይርዳው የምናዘጋጀው መጽሔት ግን፣ ተመስገን፣ ገበያው ደህና ነው። የፊተኞቹ ገጾች ለቪዲዮ ጌም ወዳዶች ናቸው፤ እነሱን ይርዳው ይጽፋል። የኋለኞቹ የጀማሪ ገጣሚዎች ናቸው፤ እነሱን እኔ አርማለሁ፣ አንዳንዴም የራሴን ግጥም ጣል አደርጋለሁ።

ቅዳሜ መደርደሪያውን ስወለውል የይርዳውን ቅጂዎች ገለጥ ገለጥ አደረግኩ። የጌም ገጾቹ ሁሉ ነጭ ሆነዋል። የእኔ ግጥሞች ግን እንደታተሙ ቁልጭ ብለው ተቀምጠዋል። አንዱንም አላነበበም!

ደሜ ፈላ። መጽሔቶቹን ታቅፌ ወጥ ቤት ገባሁ።

"ይርዳው! ጌም ከእኔ ግጥም በለጠብህ?"

ድንች እየላጠ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠ።

"ካነበብኩት ይጠፋል እኮ፣ ትርንጎዬ። ያንቺን እንዴት ላጥፋው?"

"ታዲያ የጻፍኩት ለመደርደሪያው ነው?"

እጁን ጠራርጎ ከታቀፍኳቸው አንዱን መጽሔት ወሰደና ግጥሜን ጮክ ብሎ፣ ቀስ እያለ አነበበልኝ። ፊደሎቹ ከጣቱ ሥር አንድ በአንድ ጠፉ። ሲጨርስ ነጩን ወረቀት አይቶ ፊቱ ጠቆረ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ወደ ድንቹ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ የመጨረሻዎቹን ስንኞች ሲያንጎራጉር ሰማሁት። አንድ ቃል ቀይሯል። የለመደብኝ ነውና ላርመው አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ተውኩት። የእሱ ይሻላል።