እጁን ያነሣው ፈረሰኛ

ተካ አሮጌውን የብር ሳንቲም በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ በሩ ብርሃን ያዞረዋል።

«በል ፍረድ» ይላሉ እትዬ ማዘንጊያ፣ ከብር ሠሪው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው። «ባሌ ጊዮርጊስ ነው እንዳለ ሞተ። እኔ መርቆሬዎስ ነው ባይ ነኝ። ነገ የልጅ ልጄ ክርስትና ይነሣል፤ ስሙ የሚወጣው በዚህ ጻድቅ ነው።»

ብሩ ቅድመ አያታቸው ከጎጃም ወደ ነቀምቴ ሲመጡ አንገታቸው ላይ አድርገውት የመጡት ነው። በአንዱ ገጽ ራሱ ላይ ጨረር የወጣለት ሰው፣ በሌላው ፈረሰኛ። አራት ትውልድ ስሞታል።

ተካ ሃያ ዓመት ጠገራ ብር አቅልጧል። ከማቅለጡ በፊት ግን የማን ፊት እንደሆነ ሳያውቅ እሳት አያስነካውም፤ ማንም አላስተማረው፣ ጠይቆና አዳምጦ ነው የለየው። ይሄኛው ጠገራ አይደለም። ቀጭን ነው፣ በመዶሻ የተመታው ጠርዙም ወጣ ገባ ነው።

«እትዬ፣ ከፈረሱ ሥር ዘንዶ የለም።»

«ይቺን ታክላ ዘንዶው የት ይግባ?»

«ጦርም የለው። እጁን አንሥቶ ሰላም የሚል ነው የሚመስለው።»

«ጻድቅ ሰላም አይልም?»

ከጨለለቂ ሰፈር ያመጣቸው ባለባጃጁ ቢራቱ ከውጭ ጥሩምባውን ይነፋል። «ሃርሜ፣ ኮቱ! ይምጡ እንጂ እናቴ፣ አልጨረሳችሁም?»

«ጻድቄን እያስመረመርኩ ነው! ጠብቅ!»

ተካ ብሩን በሳሙና ውሃ ነክሮ በለስላሳ ብሩሽ ያሸዋል። በራሱ ዙሪያ ፊደላት ብቅ ይላሉ፤ የኦሮምኛውን ቁቤ የቆጠረ ሁሉ የሚያውቃቸው የላቲን ፊደላት። አንድ በአንድ ስልኩ ላይ ይለቅማቸዋል። ምስል ይመጣል፤ ያው ወፍራም አንገት፣ ያው የኮመጠጠ አፍ። ጨረሩ ዘውድ ነው። የሮም ንጉሥ፣ ክርስቲያኖችን ያሳደደ፤ ፈረሰኛውም ራሱ ነው። ስሙን ሲያነብ እጁ ይቆማል። በየኅዳሩ፣ በመርቆሬዎስ በዓል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዐምድ ተደግፎ የሚሰማው ስም ነው።

አላወቅሁትም ቢል የሚጠይቀው የለም። እትዬ ማዘንጊያ አፉን አፉን ያዩታል።

«ዳኬዎስ ነው» ይላል ቀስ ብሎ።

«የቱ ዳኬዎስ?»

«መርቆሬዎስን ያሳረደው።»

እትዬ ማዘንጊያ ብሩን ተቀብለው ትንሿን ፊት ትክ ብለው ያያሉ።

«ልጄ ሩት በሳንባ ምች የታመመች ጊዜ ይሄን ጨብጬ ነው ያደርኩት።»

«ማንን እየለመኑ?»

«ስሙን አላውቀው፣ ምን ብዬ ልጥራው? ጌታዬ፣ ጌታዬ እንዳልኩ ነዋ የነጋው!» ይሉና አፋቸውን በነጠላቸው ይይዛሉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ተካ ያለቅሱ ይሆን ብሎ ጎንበስ ሲል፣ ይሥቃሉ።

«በል ክሩን ለውጥልኝ።»

«ሊያጠልቁት ነው?»

«ነገ ቄሱ ልጁን ‹ገብረ መርቆሬዎስ› ሲሉት ቆሞ ይስማ እንጂ!»

ተካ አዲስ ጥቁር ክር ያስገባለታል። እትዬ ማዘንጊያ አንገታቸው ላይ ያጠልቁና ፈረሰኛውን ወደ ደረታቸው፣ ንጉሡን ወደ ውጭ ያዞሩታል። ፊቱ በጎን የተቀረጸ ነውና፣ ከጆሮዎቹ የሚታየው፣ የሚሰማበትም፣ አንዱ ብቻ ነው።