መርዶ ነጋሪዋ

ሲስተር ዘመናይ በጠዋቱ የነርስነት ተማሪዋን ሊዲን ከዶርም አስጠርታ ቢሮዋ አስገባቻት። በሩንም ዘጋችው።

«የኤቢሴ አባት ሞቱ።»

ሊዲ ወንበሩን ያዘች። ኤቢሴ የክፍል ጓደኛዋም የአልጋ ጎረቤቷም ናት። አባቷ አቶ ገርባ ሻሸመኔ ሆስፒታል ከተኙ ሰንብተዋል።

«ሽማግሌዎች እየመጡ ነው። እስከዚያ ምንም እንዳትሰማ። የምትነግሪያት አንቺ ነሽ።»

«እኔ? በናትዎ ሲስተር! እኔኮ ለልምምድ አሻንጉሊት ስገንዝ እንኳ አልቅሼ ከክፍል የወጣሁ ነኝ።»

«እና ከማን ልትሰማ ነው? ከፌስቡክ? ነርስ ልሁን ካልሽ መርዶ መንገርም ሥራሽ ነው።»

ሲስተር ስታስተምር ነገር አታበዛም። አስቀምጡ፣ በስም ጥሩ፣ እጅ ያዙ። «አረፉ»፣ «ደከሙ» እያላችሁ አታድበስብሱ፤ «ሞቱ» በሉ።

«ፈተና አለ ብለሽ ስልኳን ተቀበያት። ያንቺንም አሁኑኑ ስጪኝ፤ የሷን ብቻ ከወሰድን ትጠረጥራለች።»

«አባዬ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከመኪናው ይደውልልኛል።»

«እኔ አነሳለታለሁ። ቁርስም አብያት። አንቺም አብረሽ ብዪ።»

ካፌ ውስጥ ሊዲ የፍርፍሩን ሳህን ወደ ኤቢሴ ገፋችው። ኤቢሴ መልሳ ገፋችው።

«ብዪ እንጂ! በባዶ ሆድ ፈተና ልትገቢ ነው?»

«አንቺ ብዪ። እንጨት መስለሽ የለ እንዴ!»

ኤቢሴ ጠቅልላ አጎረሰቻት። ዓይኗ ቀልቷል። ምስኪን፣ ልቧ ነግሯታል፣ አለች ሊዲ ለራሷ።

ስልክሽን ስትላት ኤቢሴ «ለምን?» እንኳ ሳትል ሰጠቻት። ስልኳን ይዛ ሽንት ቤት የምትገባ ልጅ!

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ተማሪዎቹ በነጭ ጋውናቸው ላይ ነጠላ ደርበው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ሊዲን ቀና ብሎ የሚያያት የለም። ፈሪ ሁሉ! ጉዱን ለኔ ጥለው፣ አለች በሆዷ። በመስኮቱ ሽማግሌዎች ከሚኒባስ ሲወርዱ ይታያሉ።

ጓደኛሞቹ ተቀመጡ። ሊዲ የኤቢሴን እጅ ያዘች። እንደምንም አፏን ከፈተች።

ኤቢሴ ቀደመቻት።

«ሊዲ» አለች እጇን ጥብቅ አድርጋ፣ «አባትሽ ሞቱ።»