የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ

ፊታውራሪ እንዳላማው የሰንጠረዥ ፈረሳቸውን ወደፊት አወጡና መልሰው ወደ ቤቱ አስገቡት። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ዋኘውም በዚያው ቅጽበት የራሱን እግረኛ ገፋ። በአገሩ ሰንጠረዥ መክፈቻው ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ልባቸው ያሰልፋሉ፣ ያፈርሳሉ፣ እንደገና ያሰልፋሉ። በተራ መጫወት የሚመጣው ከመጀመሪያው መብል በኋላ ነው።

ጣሊያኑ የመቶ አለቃ ወታደሮቹን ደጅ አቁሞ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አራቱን እጆች በዓይኑ ይከተላል። ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ የቤት ፍተሻ አዲስ ነገር አይደለም። ይኸኛው ግን ሰንጠረዥ ወዳድ ነው። ቀዩን የሰንጠረዥ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሲያይ፣ ስሙን ብቻ የሰማውን ተራ የለሽ መክፈቻ ካላየሁ አለ። አስተርጓሚው ዋኘው ነበርና ከፊታውራሪ ጋር አስቀመጠው። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ተነስቶ ቤቱን እንደሚያስፈትሽ ግን አስጠነቀቀ።

ፍተሻው ከተጀመረ የሽዋስ አለቀለት። የፊታውራሪ አንድ ልጅ ነው፤ ከአርበኞች ጋር ጫካ ከገባ ዓመት አልፎታል። ትናንት ጭኑን ተመትቶ መጣ፣ አሁን ጓዳ ውስጥ ከጎታው ኋላ ተኝቷል። ፈታሽ ቢመጣ እናቱ ወሰንየለሽ በጓሮው በር አውጥታ፣ በሸለቆው ለሚጠብቀው ባለበቅሎ ልታስረክበው ከባሏ ጋር መክራለች። ልጁን ሸኝታ ስትመለስ ጠላ ይዛ ወደ አዳራሹ ትገባለች። እስከዚያ ጠጠር መበላት የለበትም።

ገና ሲገቡ ጣሊያኑ ቤቱ ሌላ በር እንዳለው አስጠይቆ ነበር። ፊታውራሪ የለውም አሉ። ዋኘው ያንን ምን ብሎ እንደተረጎመው እግዜር ይወቀው። እዚሁ ቤት ያደገ፣ በዚያው በጓሮ በር እየወጣ ጌሾ ሲለቅም የኖረ ልጅ ነው። ሰንጠረዡንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ባንዳ ከሆነ ወዲህ ስሙ በተነሳ ቁጥር «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» ይላሉ፤ ዛሬም ሲገባ ፊታቸውን አዞሩበት።

በመክፈቻ የራሱን ጠጠር የሚያይ ጀማሪ ነው። አዋቂ የባላጋራውን እጅ ያያል፤ የቸኮለ እጅ ሊያጠቃ ነው፣ ያመነታ እጅ የሚደብቀው አለው። ይህንን ያስተማሩት ልጅ አሁን እጃቸውን እያየ ነው።

«እማማ ወሰንየለሽ የሉም እንዴ?» አለ ዋኘው፣ ቀና ሳይል። በዚህ ቤት እንግዳ ተቀምጦ ጠላ ዘግይቶ እንደማያውቅ ልቡ ያውቃል።

«አለች። ጠላውን እያጠለለች ነው።»

ወዲያው ከጓዳ የታፈነ ሲቃ መጣ። ለአባት ጆሮ ብቻ የሚሰማ ዓይነት ነበር። ፊታውራሪ ደንግጠው በእጃቸው የያዙትን ፈረስ እንደነገሩ ጣል አደረጉት። ያረፈው የዋኘው ፈረስ አፍ ላይ ነው፤ ደጋፊም የለው።

ጣሊያኑ አየ። ጎንበስ ብሎ በጣቱ እያመለከተ አንድ ቃል ተናገረ፤ ብላው ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገም። ፊታውራሪ በልባቸው ቅዱስ ማርቆስን ጠሩ።

ዋኘው የራሱን ፈረስ አነሳ። ጥቂት በአየር ላይ ይዞት ቆየ፣ ከዚያም ሳይበላ ወደ ቤቱ መለሰው።

ጣሊያኑ ተቆጥቶ ምክንያቱን ጠየቀ። ዋኘው በጣሊያንኛ መለሰለትና ወደ ፊታውራሪ ዞረ። «ባላጋራ ሳይሰለፍ መብላት በአገራችን ነውር ነው አልኩት። እንዲህ አይደል ያስተማሩኝ?»

እንዲህ አላስተማሩትም። እጁ የሳተ ባላጋራ ካገኘህ ፈጥነህ ብላ ነበር የሚሉት፤ ሳይበላ በቀረ ቁጥርም ጆሮውን ቆንጥጠውታል። ዋኘው ከገባ ወዲህ ፊታውራሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ትክ ብለው አዩት።

«እንዲህ ነው» አሉ። «ደህና ይዘሃል።»

ማሰለፉ ቀጠለ። በመጨረሻ ጣሊያኑ ታከተው፤ ከበርጩማው ብድግ ሲል የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ወሰንየለሽ ጠላ ይዛ ገባች። የቀሚሷ ጫፍ በጭቃ ርሷል። ዋኘው ጭቃውን አየ፣ ዋንጫውንም ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላት።

ሲቀመጥ ያንኑ ፈረሱን አንስቶ የፊታውራሪ ፈረስ አፍ ላይ አኖረው።

«አሁን ይብሉ» አለ።

ፊታውራሪ እጃቸውን ዘርግተው የመጀመሪያውን ጠጠር በሉ። ጣሊያኑ ወታደሮቹን ተጣራ፤ ወደ ጓዳ ተንጋግተው ገቡ፣ ጎታው ሲገለበጥም ተሰማ። ፊታውራሪ ዞረው አላዩም። የበሉት ፈረስ ገና መዳፋቸው ውስጥ ነበር። በዋኘው እጅ ላብ ርሷል።