ለፊልሙ የተሰቀለ ምንጣፍ

«ትንሽ ወደ ግራ» ይላል ማርክ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ። ኢሳም ወንበር ላይ ቆሞ ተጠቅልሎ የታሰረውን ቀይ ምንጣፍ ከበሩ በላይ ባሉት እንጨቶች ላይ ይገፋል። አቧራው አፉ ውስጥ ይገባል።

ከጠዋት ጀምሮ የአይ መብሩካን ቤት ሲያራቁቱ ነው የዋሉት። ሐረር ጀጎል ውስጥ እናት የሆነችን ሴት ሁሉ «አይ» ነው የሚሏት፤ እሳቸው ደግሞ ለኢሳም የአባቱ እህት ናቸው። ፍሪጃቸው በአንሶላ ተሸፍኗል። ቴሌቪዥኑ ጓዳ ገብቷል። ስልካቸው እንኳ ከነቻርጀሩ ተነስቷል።

ማርክ ውጭ አገር አንዲት ትንሽ ሙዚቃ ቤት አለው፤ የድሮ ካሴቶችን እያደነ በሸክላ ያሳትማል፤ አሁን ተራው የአይ መብሩካ የሰርግ ዘፈኖች ካሴት ነው። ፊልም ያልተሠራለት ሸክላ አይሸጥም ባይ ነው። ፊልሙ ስለ ተረሳች ድምፃዊት ነው። አይ መብሩካ ግን ባለፈው ቅዳሜ አቦከር ሰፈር ሰርግ ላይ ዘፍነው ድምፃቸው እስኪዘጋ ድረስ አምሽተዋል። ኢሳም ይህን ሲነግረው ማርክ ሳቀና እሱን እንተወው አለ። ኢሳምም አብሮ ሳቀ።

ለማርክ የጻፈለትም፣ እዚህ ያመጣውም ኢሳም ነው። በልጅነቱ ወጥቶ፣ ሰው አገር ተምሮ ሲመለስ፣ ምን ይዘህ መጣህ ላሉት ሁሉ የሰጠው መልስ ይህ ሸክላ ነበር።

ምንጣፉን የመስቀሉም ሐሳብ የእሱ ነው። ጠዋት ማርክ ምንጣፉን ጓዳ ውስጥ በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ሲያገኘው ኢሳም እንደ አስጎብኚ ቀልጠፍ ብሎ አስረዳ፤ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ያለችበት ቤት ምንጣፍ ጠቅልሎ ከበሩ በላይ ይሰቅላል፣ ስትዳር ይወርዳል። የሰርግ ዘፈን፣ የሰርግ ምንጣፍ። ማርክ አጨበጨበ። የዚህ ቤት ምንጣፍ ለምን እንደወረደ አንዳቸውም አልጠየቁም።

«ደግሞ ልግባ? የገዛ ቤቴ እኮ ነው» እያሉ አይ መብሩካ ከግቢው ይገባሉ። ማይኩ ሻሻቸው ሥር ተሸሽጓል። ካሴቱ ይከፈትና የወጣትነት ድምፃቸው ቤቱን ይሞላዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰሙት ሆነው እንዲያለቅሱ ነው የተነገራቸው። በሞከሩ ቁጥር ግን ይስቃሉ፤ ካሴቱን በቃላቸው ነው የሚያውቁት።

ቦታቸው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ። አሁን አይስቁም። ዓይናቸው እላይ ይቀራል። እንባቸው ሲወርድ አያብሱትም። ማርክ ትንፋሹን ውጦ ካሜራውን ያስጠጋል።

«የአፍራን ማነው የሰቀለው?» ይላሉ በገይ ቋንቋ፣ በሐረሪኛ።

አፍራ ልጃቸው ናት። የሰርጓ ቀን ተቆርጦላት ሳለ ነው የሞተችው። ኢሳም መርዶዋን በስልክ የሰማው ባቡር ውስጥ ሆኖ ነበር፤ አላህ ይርሐማት ብሎ ጻፈና ወደ ሥራው ገባ። ምንጣፉ ለምን በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ የሚገባው ገና አሁን ነው።

ማርክ ምን እንዳሉ ይጠይቃል። ኢሳም አንዱንም ሳያስቀር ይነግረዋል። ሰውየው አፍሮ ምንጣፉን በገዛ እጁ ያወርደዋል ብሎ ይጠብቃል። ማርክ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ከዚያ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል።

«እንደገና ይግቡ በላቸው» ይላል በሹክሹክታ። «አሁን ግን ስሟን ጮክ አድርገው ይጥሩ።»

ኢሳም ወደ አክስቱ ይዞራል።

«ምን ይላል?» ይላሉ አይ መብሩካ።

«ጨርሰናል ይላል፣ አይ።»

«ዘፈኔንስ ወደደው?»

«ወዶታል።»

ኢሳም ወንበሩ ላይ ይወጣል። ማርክ ከኋላው ይህ ካልተቀረጸ ሸክላው አይታተምም እያለ ነው። ኢሳም ምንጣፉን አውርዶ አክስቱ ጭን ላይ ያስቀምጠዋል። እሳቸው በመዳፋቸው ቀስ እያሉ፣ ከትምህርት ቤት የመጣች ልጅ ቀሚስ እንደሚያራግፉ ሁሉ፣ አቧራውን ያራግፉለታል።

ኢሳም ዞር ሲል የካሜራው የመቅረጫ ቀይ መብራት እንደበራ ነው።