ያዘልኩት ቦርሳ

ቦርሳውን በቅሎ ላይ አላስጭንም ስላልኩ፣ ጠመንጃ ይዞ የሚሸኘኝ የፓርኩ ስካውት መንገዱን ሁሉ ሲያሾፍብኝ ዋለ።

«እትዬ፣ ፈረንጁ እንኳ ለበቅሎ ይሰጣል። እርስዎ ከማን በልጠው ነው?»

«ይሄን እኔው አዝለዋለሁ» አልኩት።

አመሻሽ ላይ የተራራው ጫፍ ደረስን። ድንኳኑን ተከለልኝና «በሉ ብርዱ አይቻልም፣ ልብስ ደርበው ይግቡ» አለ።

ቦርሳውን ከፈትኩ። ሱሪውን፣ ሸሚዙን፣ አረንጓዴውን ሹራብ አውጥቼ ገደሉ አፋፍ ላይ ዘረጋኋቸው። እኛ ጋ አስከሬን ካልተገኘ የሚለቀሰው በልብሱ ነው።

ስካውቱ ሹራቡን ሲያይ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ነካው።

«ይሄ... እዚህ ገደል የገባው የአስጎብኚያችን የይርሳው ሹራብ አይደል?»

«እናቱ ነኝ።»

ጠመንጃውን ወደ መሬት ዘቅዝቆ አጠገቤ ተቀመጠ፤ «ወይኔ ወንድሜ» እያለ ማልቀስ ጀመረ።

ድንኳኑ ባዶውን አደረ።